«ቦርዱ ሞቷል» ከተባላችሁ ስልኩን ትታችሁ አትሂዱ

ወገን፣ ስልካችሁ ድንገት ጠፍቶ አልበራ ቢልና ሰሪው ከፈት አድርጎ አይቶ «ቦርዱ ሞቷል፣ ቦርድ እንቀይርልህ» ቢላችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቦርድ የሚባለው ፕሮሰሰሩ (የስልኩ አእምሮ) እና ሚሞሪው የተበየዱበት የስልኩ ዋና ሰሌዳ ነው። ቦርድ ተቀየረ ማለት ስልካችሁ ተሠራ ማለት አይደለም። በእናንተ ስክሪንና ቀፎ ውስጥ የሌላ ሰው ስልክ ገባ ማለት ነው።

የእህቴን ልንገራችሁ። ስልኳ አይፎን 12 ነው፣ 128 ጊጋ። ማታ ቻርጅ ላይ ሰካችው፣ ጠዋት አልበራ አለ። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሞባይል ቤት ወሰደችው። «ለቴስት» ብለው ፓስዎርዷን ተቀበሉና ነገ ነይ አሏት። በማግስቱ ስልኩ በርቷል፣ ቦርድ ተቀይሯል፣ ሂሳቡ 17 ሺህ ብር። ከፍላ ወጣች። ቤት ገብታ ስታየው ፎቶ የለም፣ የተመዘገበ ስልክ ቁጥር የለም፣ ፊት አይቶ ስልኩን የሚከፍተው ፌስ አይዲ አይሠራም፣ 128 የነበረው ደግሞ 64 ጊጋ ሆኗል። ተመልሳ ስትጠይቅ «ቦርድ ሲቀየር እንደዚህ ነው» አሏት። የድሮው ቦርድስ? «ተጥሏል»። ደረሰኝ? የለም። የልጇ የክርስትና ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር።

በጣም ያናደደኝ ይህ ሁሉ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር መሆኑ ነው። ቦርድ የሚቀይር ሰው ምን እንደሚጠፋ ጠንቅቆ ያውቃል፣ ዝም የሚለው እናንተ እንዳትከለክሉት ነው። ፎቶውና ፋይሉ ያለበት ሚሞሪ ቦርዱ ላይ ነው የተበየደው። አይፎን ላይ ደግሞ ሚሞሪውን ነቅለው ሌላ ቦርድ ላይ ብቻውን ቢበይዱት እንኳን አይነበብም፤ መረጃው የተቆለፈበት ቁልፍ ከዚያው ቦርድ ፕሮሰሰር ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) ከሌላችሁ ፎቶውን ማትረፊያው መንገድ ያንኑ ቦርድ መጠገን ነው። ፌስ አይዲም አብሮት ከፋብሪካ ከወጣው ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው፤ በእንደዚህ ዓይነት ቅየራ አብዛኛውን ጊዜ መሥራት ያቆማል። የእህቴ ስክሪን የራሷ፣ ያልተነካ ሆኖ ሳለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ስትገባ ስክሪኑን «አንኖውን ፓርት» (ያልታወቀ ዕቃ) ይለዋል። አዲሱ ቦርድ አያውቀዋማ!

አልበራ ያለ ስልክ ሁሉ ደግሞ ቦርዱ አልሞተም። ባትሪው ሊሆን ይችላል። የቻርጅ መሰኪያው ቆሽሾ ወይም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቦርዱ ራሱ ሾርት አድርጎ ከሆነም፣ ካፓሲተር የምትባል አንዲት ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ብቻ ተቃጥላ ስልኩን በሙሉ ልትገድለው ትችላለች፤ እሷን አግኝቶ ማንሳት ወይም መቀየር ይቻላል። ግን ይህን ለማግኘት ማይክሮስኮፕ፣ መልቲሜትር፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ከሁሉም በላይ ትዕግስትና ዕውቀት ይጠይቃል። ቦርድ ለመቀየር ብሎን መፍታት ይበቃል። ከተማችን ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሰው የሞተ የተባለ ቦርድ የሚያስነሱ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ክብር ይገባቸዋል፣ እነሱን ፈልጋችሁ ሁለተኛ አስተያየት ጠይቁ።

አሁን ሰው ልብ የማይለው ትልቁ አደጋ። የድሮው ቦርድ እዚያ ሲቀር ፎቶአችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ የባንክ አፓችሁ በሙሉ አብሮ ቀረ። ያቺን ካፓሲተር አንስተው ሌላ ቀፎ ውስጥ ቢገጥሙት ይነሳል። ፓስዎርዱን ደግሞ ራሳችሁ ሰጥታችኋል፣ አንዳንድ ቤትማ ስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ጽፎ ይለጥፈዋል። ሴት እህቶቻችን በፎቷቸው ሲያስፈራሯቸው እንሰማለን አይደል? ስለዚህ ቦርዱ ቢሞትም የእናንተ ነው፣ ይዛችሁት ውጡ። «ተጥሏል» የሚባል መልስ አትቀበሉ። ፓስዎርዱን እናንተ እዚያው ቆማችሁ ራሳችሁ አስገቡ እንጂ ለማንም አትንገሩ። ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ በሌላ ስልክ ገብታችሁ የኢሜይላችሁንና የአይክላውዳችሁን (የአይፎን አካውንታችሁን) ፓስዎርድ ቀይሩ፣ ቴሌግራም ላይ ያንን ስልክ አስወጡት፣ ባንካችሁም ጋ ደውሉ።

የገባላችሁ ቦርድ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከተሰረቀ ስልክ ሊሆን ይችላል። የአይክላውድ ቁልፍ ያለበት ሆኖ በባይፓስ፣ ማለትም ያለ ባለቤቱ ፓስዎርድ ቁልፉን በማለፍ፣ የተከፈተ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለው ሪሴት ሲደረግ ተመልሶ ይዘጋል። ከአሜሪካ የመጣና ለአንድ ቴሌኮም ድርጅት የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ የእኛን ሲም አይቀበልም። ቦርዱ የተሰረቀ ከሆነና አይኤምኢአዩ፣ ማለትም ስልኩ የሚለይበት ቁጥር፣ ከተፈለገ፣ ሲሙ የእናንተ ስለሆነ የሚጠየቀው እናንተን ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ አይኤምኢአይ ፎቶ አንሱት። ስልኩ ጠፍቶ ከሆነ ካርቶኑ ላይ አለ፣ አይፎን 12 ላይ ደግሞ የሲም ትሬዩ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ስትረከቡ እንደገና ደውሉ። ቁጥሩ ያለው ቦርዱ ላይ ስለሆነ፣ ከተለየ ቦርዱ ተቀይሯል፣ «አይ፣ የራሱን ነው የሠራነው» ቢሏችሁም እንኳን። ሳትከፍሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጊጋውን እዩ፣ ፌስ አይዲ ወይም አሻራ ሞክሩ፣ ሲም ከታችሁ ደውሉ፣ ካሜራውን ክፈቱ። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ብላችሁ ስክሪኑንም ፈትሹት፣ ኦሪጅናሉን አሞሌድ ስክሪን (ጥቁር ላይ ብርሃኑ የሚጠፋውን) በኮፒ ኤልሲዲ ስክሪን (ከኋላው መብራት ባለው) የሚቀይሩ አሉና። ጨለማ ቦታ ላይ ጥቁር ምስል ስትከፍቱ ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ኤልሲዲ ነው።

ደረሰኝ ደግሞ ልመና አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ሆነ ለሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እህቴ አሁን ንግድ ቢሮ ሄዳ ለማመልከት የቸገራት በእጇ አንዲት ወረቀት ስለሌለ ነው። ስልኩን ስትሰጡ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ አይኤምኢአይ ቁጥሩና «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቦርድ አይቀየርም» የሚል ቃል በወረቀት ይጻፍላችሁ፣ ማህተም ይደረግበት። እምቢ ካሉ ስልኩን ተቀብላችሁ ውጡ።