17ኛው ሕዋስ፣ 5ኛው ነጥብ፦ የብሬል ማሳያዬ ከ9 ወር በኋላ

የኮምፒውተርን ጽሑፍ በሚነሱና በሚወርዱ ነጥቦች ለጣት የሚያቀርብ፣ ባለ 40 ሕዋስ የብሬል ማሳያ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ 8 ነጥብ ያለው የአንድ ምልክት ቦታ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ጎንደር ውስጥ በየቀኑ ሠርቷል። 39ኙ ሕዋሶች ዛሬም ደህና ናቸው። 17ኛው ላይ ግን 5ኛው ነጥብ ከመጋቢት ጀምሮ አልነሳ ብሏል።

«ከ320 ነጥብ አንዱ ቢጠፋ ምን ይጎድላል?» የሚል ሻጭ ካለ በጣቱ አንብቦ ይየው። 5ኛው ነጥብ ሲጎድል ቁጥር 5 ተመልሶ 1 ይሆናል፤ 8 ወደ 2፣ 4 ወደ 3፣ 7 ወደ 6፣ 0 ደግሞ ወደ 9 ይለወጣል። ፊደልም አይተርፍም፤ «ረ» «ለ» ይሆናል፣ «ነ» «መ» ይሆናል። «በራ» የተባለው «በላ»፣ «ነጣ» የተባለው «መጣ» ተብሎ ይነበባል። ቦታው ባዶ ቢቀር ጣት ይነቃ ነበር። ይህ ግን እውነተኛ የሚመስል ሌላ ፊደል ያቀብላል። የባንክ መልእክት ላይ የ5000 ብር 5 እዚያ ሕዋስ ላይ ካረፈ 1000 ተብሎ ይነበባል፤ የሚያስጠነቅቅ ምንም ነገር የለም።

እያንዳንዱን ነጥብ የሚያነሳው ከሥሩ ያለ ቀጭን የሴራሚክ ዘንግ ነው፤ 200 ቮልት ገደማ ሲደርሰው ይጎብጥና ነጥቡን ወደ ላይ ይገፋል። ነጥቡ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የበጋው አቧራ ከእጅ ወዝና ከቅባት ጋር ተቀላቅሎ ይጣበቅበታል። ስለዚህ እጅ ሳይታጠቡ መንካት አይገባም። ነጥብ ሲለግም መሣሪያውን አጥፉ፤ ክር የማይተው ጨርቅ በአልኮል እርጥብ አድርጉ (እንዳይንጠባጠብ ጭመቁት)፤ ረድፉን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ እስኪደርቅ ጠብቁና የራስ ፍተሻውን (መሣሪያው ነጥቦቹን እያነሳና እያወረደ የሚሞክርበትን) ደጋግማችሁ አስኪዱ። በዚህ መንገድ 3 ሰነፍ ነጥቦች ዳኑ። የ17ኛው ሕዋስ ነጥብ ግን ከነጭራሹ አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከቆሻሻው አልፎ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። በመርፌ መጎርጎር ፈጽሞ አይሞከር፤ ሴራሚኩ ተሰባሪ ነው።

አማርኛን በተመለከተ፣ ኤንቪዲኤ በሚባለው የስክሪን ጽሑፍ በድምፅና በብሬል የሚያነብ ፕሮግራም ውስጥ የብሬል ማውጫ ሠንጠረዡ (ፊደልን ወደ ነጥብ የሚቀይረው) እንግሊዝኛ ላይ ከቀረ «ሀ» በሚለው ቦታ 1200 የሚል የኮምፒውተር ኮድ ይመጣል። ኢትዮፒክ የሚለውን ስትመርጡ ይስተካከላል። በአማርኛ ብሬል አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ «ጎንደር» በ4 ፊደል ሳይሆን በ6 ሕዋስ ይቀመጣል። ስለዚህ ባለ 40 ሕዋሱ ብዙ አይደለም፤ ባለ 14 የምትገዙ ደግሞ በየሁለት ቃሉ ለመቀጠል ቁልፍ ስትጫኑ መዋላችሁ ነው።

ማሳያ በመግዛቴ አልጸጸትም። የሰው ስም እንዴት እንደተጻፈ፣ የሂሳብ ቁጥር እንዴት እንደተደረደረ በጣት ማረጋገጥን ድምፅ አይተካውም። የሚያናድደኝ ሕዋሱ ለብቻው ተነቅሎ ይቀየራል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ መክፈሌ ነው። ይህኛው ሙሉ ረድፉ ተፈትቶ ወደ ውጭ ካልተላከ አይሆንም ተባለ፤ በ1 ነጥብ ምክንያት 40 ሕዋስ! «ዋስትና አለው» ሲሏችሁ ዋስትናው የመላኪያውን ወጪ ይችል እንደሆነና መለዋወጫ ሕዋሱ አገር ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ አስፈርሙ።

እስከዚያው መላው ይህ ነው፦ ማስተካከል በሚቻል ጽሑፍ ላይ ከቁጥሩ በፊት አንድ ክፍት ቦታ አስገቡ። ሁሉም አንድ ሕዋስ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ 17ኛው ላይ የነበረው አሃዝ 18ኛው ላይ በትክክል ይነበባል። ማስተካከል በማይቻል መልእክት ላይ ገልብጦ ባዶ ሰነድ ውስጥ ማኖር ነው። ገንዘብ ያለበትን ሁሉ ሁለት ጊዜ አንብቡ።