ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሆን ኮንቨርተር፦ ያገለገለው ወይስ አዲሱ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩት አክስቴ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን አለ። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው፤ ቀለሙም ድምፁም ዛሬ ድረስ ጥርት ያለ ነው። "እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም" ብለዋል፤ እኔም እስማማለሁ። ለኬብል በየወሩ ሳይከፍሉ የማታውን ዜና እንዲያዩበት ኮንቨርተር፣ ማለት ዲጂታሉን ስርጭት ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚለውጥ ሳጥን፣ ልገዛላቸው ተነሣሁና ሁለት ጊዜ ገዛሁ። የመጀመሪያውን መልሼዋለሁ፤ ምክንያቱን ብታውቁ ገንዘባችሁን ታድናላችሁ።

የአሜሪካ ባለ ሙሉ ኃይል ጣቢያዎች የአናሎግ ስርጭታቸውን ዘግተው ወደ ዲጂታል የዞሩት እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2009 ነው፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ደግሞ አናሎጉን እንጂ ዲጂታሉን አያነብም። ሆኖም ኮንቨርተር ከመግዛታችሁ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ ተመልከቱ፤ የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ እዚያ ተለጥፏል። ከማርች 1 ቀን 2007 በኋላ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ቴሌቪዥኖች ዲጂታል መቀበያ እንዲኖራቸው በሕግ ተገድደዋል። የእናንተው ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ አንቴና ሰክታችሁ ቴሌቪዥኑ ጣቢያ እንዲፈልግ ማድረግ ብቻ ይበቃችኋል።

ኮንቨርተር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው በሽግግሩ ጊዜ መንግሥት ለየቤቱ እስከ ሁለት ባለ 40 ዶላር ኩፖን ሲያድል የተሠራው ነው። ዛሬ የሚገኘው ኢቤይ ላይ ወይም ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ቤት ነው። ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ዋጋ ብዙ ዓይነት አለ።

በወረቀት ላይ አዲሱ ያሸንፋል። ለአዳዲስ ቴሌቪዥኖች የሚሆን ኤችዲኤምአይ መውጫ አለው፣ ዩኤስቢ አለው፣ ፍላሽ ሲሰካለት ፕሮግራም ይቀዳል። የኩፖኑ ዘመን ሳጥን ግን ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ዲጂታሉን ተቀብሎ ለአሮጌ ቴሌቪዥን በሚገባው መንገድ ማቀበል። ያን ሥራ ደግሞ ጠንቅቆ ይሠራል።

ልዩነቱ የሚታየው ጀርባቸው ላይ ነው። የአክስቴ ቴሌቪዥን ያለው መግቢያ አንድ ብቻ ነው፤ ካቮው ተጠምዝዞ የሚገባበት የአንቴና ቀዳዳ። ሥዕልና ድምፅ የሚገባበት ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ የለውም። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን የሳጥኑን ሥዕል የሚያሳየው ሳጥኑ በቻናል 3 ወይም 4 ሲልክለት ነው። የገዛሁት አዲስ ሳጥን "አንቴና መውጫ" የሚል ቀዳዳ ስላለው ሻጩ ይሠራል አለኝ። ቤት ወስጄ ስሰካው ቴሌቪዥኑ ቻናል 3 ላይም ቻናል 4 ላይም ምንም አላሳየም። በብዙ አዳዲስ ሳጥኖች ላይ ያ ቀዳዳ ከአንቴናው የመጣውን ምልክት እንዳለ ወደ ሌላ ዕቃ የሚያሳልፍ ብቻ ነው፤ ሥዕሉን ወደ ቻናል 3 ወይም 4 አይለውጥም። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ይህን አይነግራችሁም። ስለዚህ ሻጩን "ቻናል 3 እና 4 መምረጫ አለው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ አትግዙ።

ሁለተኛው ግዢዬ ዜኒዝ ዲቲቲ 901 የሚባል ያገለገለ የኩፖኑ ዘመን ሳጥን ነው። ለአንቴና ቀዳዳው በቻናል 3 ወይም 4 ያወጣል፤ ባለ ሦስት ቀለም መውጫም አለው፤ ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ለቱቦ ቴሌቪዥንም አያስፈልግም። ቴሌቪዥኑን አንድ ጊዜ ቻናል 3 ላይ አድርጌ ተውኩት። ከዚያ በኋላ አክስቴ ጣቢያ የሚቀይሩት በሳጥኑ ሪሞት ነው። ያገለገለ ስትገዙ ሪሞቱ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ፤ በብዙዎቹ ላይ ያለ ሪሞት ወደ ማስተካከያው መግባት አይቻልም። ዕድሜያቸውም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ስለሆነ የሚመለስበት ጊዜ ከሚሰጥ ሻጭ ግዙ። ደግሞ እነዚህ ሳጥኖች ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል ሪሞት ሳይነካ ለአራት ሰዓታት ከቆየ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ተደርገው ነው የወጡት። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ከፍተው ለሚውሉ አረጋውያን ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ።

ቴሌቪዥናችሁ ባለ ሦስት ቀለሙ ቀዳዳ ካለው አዲሱን ግዙ፤ በዋስትናውና በመቅጃው ይበልጣል። አዲሱን ገዝታችሁ ቴሌቪዥናችሁ ያ ቀዳዳ ከሌለውስ? አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ካላችሁ መሀል አስገቡት። ባለ ቀለሙን ካቮ ተቀብሎ በቻናል 3 ያወጣዋል። በጣም ያረጀው ቴሌቪዥን ደግሞ ክብ ቀዳዳም የለውም፤ በካቻቪቴ የሚጠብቁ ሁለት ቪቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ለእሱ ከ300 ወደ 75 ኦም የምትለውጥ ትንሽ ማገናኛ አለች፤ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው።

አሁን ወደ አንቴናው ልምጣ፤ ሰው ገንዘቡን ሳጥኑ ላይ ጨርሶ እሱን ይረሳዋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው እንደ ወረቀት ስስ የሆነው አንቴና ያምራል፣ ቦታም አይፈጅም። ዋሽንግተን አካባቢ ግን ቻናል 7 እና ቻናል 9 የሚያሰራጩት ቪኤችኤፍ በሚባለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ነው፤ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ስሱ አንቴና ብዙ ጊዜ አይዘውም። "4 እና 5 ይመጣሉ፣ 7 እና 9 እምቢ አሉ" የሚለውን ቅሬታ ከስንት ሰው ሰምቻለሁ! መድኃኒቱ ርካሹ ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና ነው። እያንዳንዱን ዘንግ ወደ 40 ሴንቲሜትር ያህል ስባችሁ ግራና ቀኝ ዘርጉት። እስከ ጫፉ መሳብ ጥቅም የለውም። የአክስቴን ደቡብ ምዕራብ ወደሚያየው መስኮት አዞርኩት፤ የትልልቆቹ ጣቢያዎች ማማ ያለው በዚያ በኩል፣ ዋሽንግተን ውስጥ ቴንሊታውን በሚባለው ሰፈር አካባቢ ነው። 9 ቁጥር ወዲያው ገባ።

ዲጂታል ስርጭት እንደ አናሎጉ ቀስ እያለ አይደበዝዝም። ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ሥዕሉ ተቆራርጦ ይደርቅና ይጠፋል። ስለዚህ አንቴናውን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ሁሉንም ሊለውጥ ይችላል። ያገለገለ ሳጥን ከገዛችሁ በውስጡ የቀረው የጣቢያ ዝርዝር አሮጌ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ብዙ ጣቢያዎች ድግግሞሻቸውን ቀይረዋል። መጀመሪያ አንቴናውን ነቅላችሁ ሳጥኑ ጣቢያ እንዲፈልግ አድርጉ፤ ምንም ስለማያገኝ አሮጌው ይጠፋል። ከዚያ ሰክታችሁ ድገሙት።

ኔክስትጄን የሚባለውን አዲስ የስርጭት ዓይነት የሚቀበል ውድ ሳጥን ለቱቦ ቴሌቪዥን አትግዙ። የጥራቱ ጥቅም እዚያ ስክሪን ላይ አይታይም።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ "ቴሌቪዥኑን ብለውጠውስ?" ካላችሁ፣ ለዕቃው ፍቅር ከሌላችሁ አዎ፣ ለውጡት። ኮንቨርተሩ ሰፊውን ሥዕል አራት ማዕዘን ስክሪን ላይ ሲያመጣው ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል፤ በዚያ ላይ ሪሞቱ ሁለት ነው። ባለ 32 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን መቀበያው ውስጡ ነው። አንቴናው ግን ያው ራሱ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ገዝታችሁ ለአገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁም ተዉት። የአሜሪካው ሳጥን የሚያነበው ኤቲኤስሲ የተባለውን የስርጭት ዓይነት ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ለምድር ዲጂታል ስርጭት የመረጠችው ዲቪቢ ቲ2 የተባለውን ሌላ ዓይነት ሲሆን፣ አውሮፓም እስራኤልም የዲቪቢ ቤተሰብ ናቸው። ከዚያ የመጣ ሳጥንም እዚህ አንድም ጣቢያ አያገኝም።