ደም ግፊት ላለበት ታካሚ፦ የወገብ መርፌ ወይስ ሙሉ ሰመመን?

"ግፊት አለብኝ፤ በወገቤ ብወጋ አይሻለኝም?" ይሉኛል ታካሚዎች። መልሱ ግፊቱ መቼና ወደየት እንደሚሄድ በማወቅ ይጀምራል።

የወገብ መርፌ (ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው)፦ ግፊት ይጥላል። መድኃኒቱ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ የእግርና የሆድ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ 160 የነበረው የላይኛው ቁጥር 90 ሊገባ ይችላል። ታካሚው ማዛጋት ወይም "አቅለሸለሸኝ" ማለት ሲጀምር እጄ ግፊት ወደሚያነሳው ኤፌድሪን ይሄዳል። አንዴ የተወጋው ግን ተመልሶ አይወጣም።

ሙሉ ሰመመን፦ ግፊት ያወዛውዛል። የሚያስተኛው ፕሮፖፎል ሲገባ ይወርዳል፤ ጉሮሮ ማያው መሣሪያ (ላሪንጎስኮፕ) ምላስ አንስቶ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ ሽቅብ ይፈናጠራል፤ ቱቦው ሲወጣም እንደገና። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሆነውን ፌንታኒል ቀድሞ መስጠትና ቱቦውን ቶሎ ማስገባት ይህን ያለዝባል። ሌላው የሰመመን መድኃኒት ኬታሚን ራሱ ግፊት ስለሚጨምር እዚህ ላይ ብቻውን አልመርጠውም።

ወጪ፦ የወገቡ ይረክሳል፤ ብዙ መድኃኒትም መሣሪያም አይፈልግም።

በሁለቱም የሚያስቸግረን ግን የጠዋቷ የግፊት ክኒን ናት። "ምንም አትቅመሱ" ሲባሉ አቴኖሎሉንም አብረው ይተዉታል። እሱና አምሎዲፒን በትንሽ ውኃ ይዋጣሉ፤ ኢናላፕሪል ግን ብዙ ጊዜ ከቀዶ ጥገናው 24 ሰዓት በፊት ይቆማል፣ በሰመመን ጊዜ ግፊት ክፉኛ ሊጥል ስለሚችል። ልኬቱ ከ180/110 በላይ ከሆነና ቀዶ ጥገናው ካልቸኮለ ቀጠሮ እናራዝማለን።

ለእግር ስብራት፣ ለፕሮስቴት ወይም ለብሽሽት ሄርኒያ ወደ ወገቡ አደላለሁ። ለደረት፣ ለጭንቅላት፣ የደም ማቅጠኛውን ክሎፒዶግሬል ላላቆመ ወይም የልቡ ቫልቭ በጣም ለጠበበ ታካሚ ሙሉ ሰመመኑ ይቀድማል።