«ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ የባሕር አረም ላሞቼን አስለቀሳቸው

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ሻከር ቢል ይቅርታ። የወተት ላም ያላችሁ ሁሉ ይህን መኖ ሻጭ ሰውዬ ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት ብጤውን ታውቁታላችሁ። ገና በሩን ሳታልፉ «ላሞቹ እንዴት ናቸው?» የሚለው፣ ሳትነግሩት «ወተት ቀንሷል አይደል?» ብሎ የሚያዝንላችሁ። ወተት አልቀነሰብኝም የሚል አርቢ የት ይገኛል?

የሸጠልኝ የባሕር አረም ዱቄት ነው። ኬሚካል ያልነካው፣ በማዕድን የበለጸገ፣ ወተት የሚጨምር። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቅኩት። ጠይቄያለሁ! «ሁሉም ነገር አለበት» አለኝ። ቢበዛስ አይጎዳም ወይ ስለው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ተፈጥሮ ነው። ተፈጥሮ በዝቶ ማንን ገደለ?» ራሴን ነቀነቅኩና ከፈልኩ። እባብም ተፈጥሮ መሆኑ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ለስድስቱም ላሞች በቀን 50 ግራም 50 ግራም ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የትልቋ ላም ዓይን ያነባ ጀመር። ጠዋት በረት ስገባ እንባው ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። አፍንጫቸው ይዝረበረባል፣ ለሃጫቸው ይንጠባጠባል፣ ያስላቸዋል። ቆዳቸው እንደ ፎረፎር ይረግፋል። መኖውን አሽትተው ይተዉታል። ብርድ የመታቸው መስሎኝ መርፌ አስወጋኋቸው፤ ያውም ሌላ ወጪ። ወተቱ ግን በየቀኑ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጅልነቴ ልምጣ። ደወልኩለት። «ገና ስላልለመዱት ነው፤ እጥፍ አድርግላቸው» አለኝ። አደረግኩ! 100 ግራም። ሁለት ጆንያም ጨምሬ ገዛሁ። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የነቃሁት ወተቴን የሚረከበኝ ድርጅት አስመርምሮ ሲመልስብኝ ነው። በሊትር ከ2,000 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን። ለአዋቂ ሰው ለቀኑ የሚበቃው 150 ነው። አንድ ብርጭቆ ወተቴ ብቻውን ከሦስት ቀን ድርሻ በላይ ይዞ ነበር ማለት ነው። ላም የተረፋትን አዮዲን በሽንቷ ብቻ አታስወጣም፤ በወተቷም ታሳልፈዋለች። ሲበዛ ደግሞ የሰውንም የታይሮይድ ዕጢ፣ አንገት ላይ ያለውን፣ ያውካል፣ በተለይ የሕፃናትን። የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ አንገቴን ደፋሁ። ያን ወተት ልጆች ጠጥተውታል።

ጆንያውንና የምርመራ ወረቀቱን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ይቺን ደቂቃ አልረሳትም። ስለ ላሞቹ እንባ ስናገር ሚዛን ላይ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለ። ሁለቱ ሠራተኞች ተንከተከቱ። ሻጩ ግን አልሳቀም። ረጋ ብሎ መሳቢያውን ሳበ፤ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣ። የዚያው ዱቄት የላቦራቶሪ ውጤት ነው። በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፦ አዮዲን፣ በኪሎ 4,000 ሚሊግራም። ወረቀቱ የገዛሁ ዕለትም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እጁና ወረቀቱ መሃል አንድ ክንድ አይሞላም!

«ያኔ ስጠይቅህ ለምን አላሳየኸኝም?» አልኩት።

«ሁሉም ነገር አለበት አላልኩህም? አዮዲን ከሁሉም ነገር አንዱ አይደል እንዴ?»

አፌ ተያዘ። ምን ይባላል? ይባስ ብሎ የማዕድን ጨውም እሰጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ስለው እጁን አራገፈ። «በቃ፣ ያጠፋህማ አንተ ነህ።»

ቤት ገብቼ ደመርኩት። 100 ግራም ዱቄት 400 ሚሊግራም አዮዲን ነው። በቀን 20 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ የምትታለብ ላም የሚያስፈልጋት 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። አርባ እጥፍ! የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ላም በአንድ ኪሎ መኖ ከ5 ሚሊግራም በላይ አይፈቅድም። የኔዎቹ ከዚያ ጣሪያ ሦስት እጥፍ በላይ ይበሉ ነበር። የማዕድን ጨዉ ውስጥ ያለውን አዮዲን አልቆጠርኩም። ከታለቡ በኋላ ጡታቸውን የምነክርበትን አዮዲንም አልቆጠርኩም፤ እሱም ወተት ውስጥ ይገባል። ስሌቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከመግዛቴ በፊት ላደርገው የምችለው ነበር፣ ቁጥሩን የሚሰጠኝ ባገኝ።

እናንተ እንግዲህ በኪሎ ስንት ሚሊግራም አዮዲን እንዳለው በጽሑፍ ካልሰጣችሁ አትግዙ። የባሕር አረም እንደ ዓይነቱና እንደተለቀመበት ቦታ በጣም ይለያያል፤ ያለፈው ጆንያ ለዚህኛው አይመሰክርም። ጨዉንም ሌላውንም ማዕድን አብራችሁ ደምሩ።

ዱቄቱን ካቆምኩ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በወተቱ ውስጥ ያለው አዮዲን ቶሎ ወርዷል፤ የትልቋ ላም ዓይንም ደርቋል። የሄደው ወተት ግን አልተመለሰም። ሁለቱ ጆንያዎች ደጅ ተገትረዋል። «የተከፈተ አንመልስም» ብሎኛል። አንዱ እንኳ አልተከፈተም።