ፒንት ለታንክ ዲዛይን፦ ጎበዝ ነው፣ በርሜል ላይ ግን ንቁ

የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ታንክ ዲዛይን የምትሠሩ ሰዎች ኤክሴል ምን እንደሚደብቅ ታውቃላችሁ። ሴሉ ውስጥ 30 የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ሜትር ይሁን ጫማ የሚያውቀው ፋይሉን የሠራው ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሥራ ቀይሯል። ፒንት የሚባለው ላይብረሪ፣ ማለትም ለፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተዘጋጀ ኮድ፣ ከዚህ ጣጣ ይገላግላል። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ዩኒቱን (መለኪያውን) ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይለያዩም። ጫማና ሜትር ብትደምሩ ራሱ ቀይሮ ይደምራል። ግፊትና ርዝመት ልደምር ካላችሁ ግን እምቢ ብሎ ይቆማል። ፓውንድን እንደ መጠነ ቁስ ነው የሚያየው፣ ኃይል ከፈለጋችሁ ፓውንድ ፎርስ ብላችሁ ለይታችሁ መጻፍ አለባችሁ። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፣ ግን ልክ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ኤፒአይ 650 የሚባለው የብረት ማጠራቀሚያ ታንክ ዲዛይን ደረጃ ሲነሳ ነው። የአንድ ጫማ ዘዴ የሚባለውን የግድግዳ ውፍረት ቀመር ውሰዱ፤ 4.9 በዲያሜትር፣ ከዚያ 0.3 በተቀነሰበት የፈሳሽ ከፍታ፣ ከዚያ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ፈሳሹ ከውሃ አንጻር ባለው ክብደት) ይባዛና ለሚፈቀደው ስትሬስ (ብረቱ እንዲሸከም ለሚፈቀደው ውጥረት) ይካፈላል። ያ 4.9 ተራ ቁጥር ይመስላል እንጂ አይደለም። የ9.81 ግማሽ ነው፣ የውሃው ክብደትም የሚሊሜትርና የሜጋፓስካል ቅየራውም ውስጡ ተቀብሯል። በጫማና በኢንች በሚሠራው የአሜሪካኑ ቀመር በ4.9 ቦታ ያለው 2.6ም ያው ነው፤ 62.4ን ለ144 አካፍሉ፣ በ12 አባዙ፣ ለ2 አካፍሉ፣ እሱው ይመጣል። ፒንት ይህን ከየት ያውቃል? ከከፍታው ላይ ባዶ 0.3 ስትቀንሱ ወዲያው ስህተት ብሎ ያቆማችኋል። ሰው ታዲያ ይበሳጭና ዩኒቱን ገፎ ቁጥሩን ብቻ ወደ ቀመሩ ያስገባል። ዲያሜትሩ በጫማ ተሰጥቶ ከነበረ በቃ፣ ተመልሳችሁ ኤክሴል ውስጥ ናችሁ።

መፍትሔው ፒንት ውስጥ ያለው ራፕስ የሚባለው ነገር ነው፣ እኔ ፒንትን የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀመሩን እንደ ፈንክሽን ትጽፉና ዲያሜትርና ከፍታ በሜትር፣ ስትሬስ በሜጋፓስካል ይግባ፣ መልሱ በሚሊሜትር ይውጣ ብላችሁ ከላዩ ላይ ታስራላችሁ። ከዚያ በኋላ በጫማ ስጡት በኢንች፣ ራሱ ቀይሮ ያስገባል። ዩኒት የሌለው ቁጥር ከሰጣችሁት ደግሞ አይቀበልም። 30 ሜትር ዲያሜትር፣ 12 ሜትር ውሃ፣ ኤ36 ብረት በ160 ሜጋፓስካል ብትሉት፣ የዝገት ጭማሪ ሳይገባ 10.75 ሚሊሜትር ይወጣል። ያንኑ ታንክ በ2.6ቱ ቀመር፣ በጫማና በ23,200 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ብታሰሉት 0.423 ኢንች ይመጣል፣ ያው 10.75 ነው። ሁለቱንም ጽፋችሁ ማስተያየት ጥሩ መፈተሻ ነው። ዘዴው ከ61 ሜትር ዲያሜትር በላይ እንደማይሠራ ግን ፒንት አይነግራችሁም፣ እሱ የእናንተ ሥራ ነው።

ሙቀት ላይ ጥብቅነቱን ወድጄዋለሁ። የ40 ዲግሪ ልዩነትና 40 ዲግሪ ላይ መሆን ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ30 ሜትር ብረት ላይ የ40 ዲግሪ ልዩነት 14 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያስረዝመው። ልዩነቱ በስህተት ወደ ኬልቪን ንባብ ተቀይሮ 313 ሆኖ ቢገባ ግን 113 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ማን ያምነዋል።

አሁን ወደሚያናድደው። ፒንት ውስጥ ዝም ብላችሁ በርሜል ካላችሁ 31.5 ጋሎን ነው የሚሰጣችሁ! ቢቢኤል የሚለው ምህጻረ ቃልም ያው ነው። የነዳጅ በርሜል 42 ጋሎን ነው፣ እሱን ከፈለጋችሁ ኦይል በርሜል ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። 10,000 በርሜል 1,590 ሜትር ኩብ መሆን ሲገባው 1,192 ይሆናል፣ ሩብ ታንክ ጠፋ ማለት ነው። ስህተት ነው የሚል መልእክትም አይመጣም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ይዘት ናቸው። የራሳችሁን የዩኒት ፋይል አዘጋጅታችሁ ቢቢኤልን ከመጀመሪያው 42 አድርጉት።

ሌላ የማያግዛችሁ ቦታም አለ። የጌጅ ግፊት (ከከባቢ አየር ግፊት በላይ የሚቆጠረው) እና የአብሶሉት ግፊት (ከባዶ ጀምሮ የሚቆጠረው) ለፒንት አንድ ናቸው። የቬንቲንግ (ታንኩ አየር የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት) ስሌት ላይም በ0 ዲግሪ የተለካ ኖርማል ሜትር ኩብና በ60 ፋራናይት የተለካ ስታንዳርድ ሜትር ኩብ ወደ 6 በመቶ ገደማ ይለያያሉ፣ እሱ ግን ሁለቱንም ሜትር ኩብ ብቻ ነው የሚላቸው። እዚህ ላይ የትኛው እንደሆነ የቫሪያብሉ ስም ውስጥ መጻፍ እንጂ ሌላ መላ የለም።

ስትጀምሩ አንድ ሬጂስትሪ (የፒንት የዩኒቶች መዝገብ) ብቻ አንድ ፋይል ውስጥ ፍጠሩና ሌሎቹ ፋይሎች ከዚያ ይውሰዱ። በየፋይሉ አዲስ ከፈጠራችሁ የአንዱ ሜትር ከሌላው ሜትር ጋር አልደመርም ይላል፣ ምክንያቱን እስክታገኙት ፀጉራችሁን ትነጫላችሁ።