ፒያሳ አካባቢ ያለው የጾም ምግብ ቤት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለው ይህ አነስተኛ ምግብ ቤት በየዓይነቱን ያሳምራል፤ ምስሩ ሳይላሽቅ፣ ጎመኑ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ፣ እንጀራውም ኮምጠጥ ብሎ ዓይኑ እንደተከፈተ ይቀርባል። መስተንግዶው ይዘገያል፣ ግን ያስጠብቃል እንጂ አያስቆጭም።

እንዲህ ያለው ምግብ ከጣዕም በላይ ፋይዳ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 20 ሰዎች በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረና ያልተቀነባበረ ምግብ ሁለት ሁለት ሳምንት እየተፈራረቀ ሲቀርብላቸው፣ የስኳሩ፣ የስቡና የአሰሩ መጠን ተመጣጣኝ ቢሆንም፣ በተቀነባበረው ጊዜ ፈጠን እያሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በመመገባቸው በአማካይ 0.9 ኪሎ ግራም ጨምረዋል፤ ባልተቀነባበረው ግን ያንኑ ያህል ቀንሰዋል።

ቅር ያሰኘኝ፣ አስተናጋጆቹ ከዚህ ማዕድ ጋር ሳይጠየቁ ለስላሳ መደርደራቸው ነው። ተልባ በጥብጦ ማቅረብ ለዚህ ቤት ባለሙያዎች የሚከብድ አይመስለኝም።