ኬፕታውን፣ ዊንድሆክ ወይስ ጋቦሮኔ? ለልውውጥ ተማሪ የከተማ ምርጫ

ለአንድ ሴሚስተር ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሊሄድ ያሰበ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል?" ብሎ ነው። ደረጃ ብቻ የምታዩ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። በ1829 የተጀመረው ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ከአህጉሩ ቀዳሚዎች ተርታ ይቆማል። ጋቦሮኔ ያለው የቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ በ1982፣ ዊንድሆክ ያለው የናሚቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1992 ነው የተቋቋሙት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ግን የልውውጥ ተማሪ ዲግሪውን የሚቀበለው ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የሚቆየው ቢበዛ አምስት ወር ነው። እነዚያን ወራት የሚያቀልለውም የሚያከብደውም ማታ ከላይብረሪ ወጥቶ ቤቱ የሚገባበት መንገድ ነው። ሚዛኔ እሱ ነው።

እኔ የተማርኩት ኬፕታውን ነው። ዊንድሆክንና ጋቦሮኔን የማውቃቸው በእረፍት እየሄድኩ እና እዚያ ከተማሩ ጓደኞቼ ነው። ስለ ኬፕታውን ብዙ ባወራ አትፍረዱብኝ።

ከመሸ በኋላ

የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ዴቭልስ ፒክ የሚባለው ተራራ ወገብ ላይ ነው የተሠራው። ተማሪው የሚኖረው ከታች ነው፤ ሮንደቦሽ፣ ሮዝባንክ፣ ሞውብሬይ፣ ኦብዘርቫቶሪ። ግቢውንና ሰፈሮቹን የሚያገናኝ፣ በፊት ጃሚ ሻትል ይባል የነበረ የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ አለ፤ እኔ በድሮ ስሙ ጃሚ ነው የምለው። ለተማሪ ነጻ ነው። ቀን ቀን ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመሽ ግን እየራቀ ይሄዳል። የቤት ማስታወቂያ ላይ "ከካምፓስ አሥር ደቂቃ" የሚል ስታዩ "በምን?" ብላችሁ ጠይቁ። በመኪና አሥር ደቂቃ የሆነ ቤት ለናንተ ሩቅ ነው። ከሁለት ቤት የምትመርጡ ከሆነ ኪራዩ ትንሽ ወደድ ቢልም ጃሚው የሚቆምበት አጠገብ ያለውን ያዙ። ርካሹ ቤት የቆጠበላችሁን ገንዘብ ማታ ማታ በስልክ የሚጠሩት ኡበርና ቦልት ይበሉታል።

ነገሩ የደህንነት ነው፤ ማለሳለስ አያስፈልግም። ከመሸ በኋላ ብቻችሁን በእግር አትሄዱም። እዚያው ተወልዶ ያደገውም አይሄድም። ስልክ ይነጠቃል። መኪና የምትጠሩት ከበር ውስጥ ሆናችሁ ነው፤ ታርጋውን አይታችሁ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ ላይ ይሄ ያናድዳል። በኋላ ይለመዳል፤ ግን ለመደ ማለት ወደደ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ከጓደኞቹ ጋር እያወራ በእግሩ ቤት ድረስ መሄድ ለለመደ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጎድለው ያ ነው።

ቀን ላይ ግን ከተማዋ ሌላ ናት። በሜይን ሮድ የሚሮጡት ሚኒባሶች ለሸገር ልጅ ዘመድ ናቸው። ወያላው ግማሽ ሰውነቱን በመስኮት አውጥቶ "ዋይንበርግ! ዋይንበርግ!" ይላል፤ ወርዶ የሚያመነታውን እጁን ይዞ ያስገባል። ታክሲው ሞላ የሚባል ነገር አያውቅም። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ማይሲቲ የተባለው የከተማው አውቶቡስ ንጹህ ነው፤ ግን ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ ተማሪ የሚበዛባቸውን ሰፈሮችም ብዙ አይነካም። ባቡሩ በሮንደቦሽ አልፎ እስከ ሙዘንበርግ የባህር ዳርቻ ይወስዳል፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጓደኞች ጋር ሆኖ መሄድ ነው።

ዊንድሆክ ሌላ አሠራር አላት። ታክሲዋ ሚኒባስ አይደለችም፣ ጎኗ ላይ ትልቅ ፊደልና ቁጥር የተጻፈባት የቤት መኪና ናት። በእግሩ የሚሄድ ሰው ባየች ቁጥር ጡሩምባ ትነፋለች። ጠጋ ብላችሁ የምትሄዱበትን ትናገራላችሁ፤ ሾፌሩ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ካልሆነ ጥሎ ይሄዳል። የናሚቢያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ፒዮኒርስፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ ያለ ታክሲ መንቀሳቀስ ከባድ ነው። ከመሸ የምትሳፈሩት የምታውቁትን ሾፌር ደውላችሁ ጠርታችሁ ነው። እዚያ የቆየ ተማሪ ሁሉ የአንድ ሁለት ሾፌር ስልክ አለው፤ ከደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለምኑና ያዙ።

በዚህ ሚዛን የምታሸንፈው ጋቦሮኔ ናት። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከሜይን ሞል የገበያ አደባባይ በእግር ይደረሳል። ኮምቢ የሚባሉት ሚኒባሶች መስመራቸው የታወቀ ነው። አንዴ የትኛው የት እንደሚሄድ ከያዛችሁ ከተማዋ በኪሳችሁ ናት። ሲመሽ ኮምቢው ይሳሳል፤ ያኔ "ስፔሻል" ትይዛላችሁ፣ የኛው ኮንትራት ማለት ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ዋጋውም ወገብ አይቆርጥም። እዚህም ቢሆን ሌሊት ብቻን መዞር አይመከርም። ክጋሌ ኮረብታ ላይ ብቻችሁን አትውጡ፣ በቡድን ውጡ።

ቤት፣ ብርድ፣ መብራት

ኬፕታውን ውስጥ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሬዝ ወይም ዲግስ። ሬዝ የዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ነው፤ ዘበኛ አለው፣ ጃሚው በሩ ላይ ይቆማል። ዲግስ ተማሪዎች ተሰባስበው የሚከራዩት ቤት ነው። ዲግስ ይጣፍጣል፤ አብሮ ማብሰል አለ፣ እሁድ እሳት አንድዶ ሥጋ መጥበስ አለ፣ ጓደኛ የሚገኘውም እዚያ ነው። ችግሩ አከራዮች በአብዛኛው የዓመት ውል ነው የሚፈልጉት። ለአምስት ወር የሚሄድ ሰው ውል ከሚፈርም፣ ለሴሚስተር ወጣ ያለ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል። ቤቱን ሳታዩ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያይላችሁ ቀብድ አትላኩ። ቤት ሳይኖረው ፎቶ የሚለጥፍ አጭበርባሪ እዚያም ሞልቷል። የኔ ምክር? የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ ሬዝ ያዙና ዲግስ ያለው ጓደኛ አብጁ።

ስለ ብርድ የሚነግራችሁ የለም፤ "አፍሪካ አይደል፣ ሙቀት ነው" ይሏችኋል። ኬፕታውን ክረምቷ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ዝናብ ከነፋስ ጋር። ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም። እርጥበቱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጋቢ ያዙ፤ ቀልዴን አይደለም፣ ከሻንጣዬ ውስጥ እንደሱ ያገለገለኝ ዕቃ የለም። ዊንድሆክ ከባህር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ግድም ናት፤ ክረምቷ ደረቅ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ። ለአዲስ አበባ ሰው አየሯ የሚስማማው የሷ ነው። ጋቦሮኔ ከጥቅምት ጀምሮ ትጋላለች፤ ክፍል ስትመርጡ ከአልጋው በፊት ቬንቲሌተሩን እዩ።

የመብራት ፈረቃ ለኛ አዲስ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ 2022 እና 2023 ክፉ ዓመታት ነበሩ፤ በቀን ብዙ ሰዓት የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ከ2024 መጋቢት ወዲህ ነገሩ በጣም ቀሏል። ጥሩው ነገር ፈረቃው ሰዓቱ ቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው፤ በስልክ መተግበሪያ ታዩና ሽሯችሁን ቀድማችሁ ትሠራላችሁ። ብዙ ቤት በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ነው፤ ዲግስ ውስጥ ጠብ የሚያስነሳው "ካርዱን ማን ይሙላ?" የሚለው ነው። ውሃን በተመለከተ ኬፕታውን በ2018 ድርቅ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ የተፈቀደባት ከተማ ናት፤ ሻወር ቤት ውስጥ ዘፈን የማብዛት ልማድ ካላችሁ የቤት ልጆች ይቆጧችኋል። ዊንድሆክ ደግሞ የተጠቀመችበትን ውሃ አጣርታ መልሳ መጠጣት የጀመረችው በ1968 ነው። ጠጥቼዋለሁ። ውሃ ነው።

ሆድ

ጿሚዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዓቢይ ጾም የሚውለው የካቲት ላይ በሚጀምረው ሴሚስተር መሀል ነው። ከሦስቱ ለጾም የምትከብደው ዊንድሆክ ናት፤ የሥጋ አገር ናት። ካቱቱራ በሚባለው ሰፈር ሲንግል ኳርተርስ የሚባለው ገበያ ላይ ካፓና ይጠበሳል፤ ሥጋው እሳቱ ላይ እየተቆረጠ፣ በጋዜጣ ላይ ተቀምጦ፣ በሚጥሚጣ መሰል ቅመምና በቲማቲም በሽንኩርት እየተነከረ ይበላል። ፍስክ ከሆነ ነፍስ ነው። ጾም ከሆነ አፍንጫን ይዞ ማለፍ ነው።

ጋቦሮኔ ባቄላና አተር አይጠፋም፣ ጎመን የመሰለ ሞሮጎ አለ። ቲንግ የሚባለው ከተቦካ ማሽላ የሚሠራ ገንፎ ደግሞ ሽታው ራሱ ሊጥ ያስታውሳል፤ የመጀመሪያ ቀን ስቀምሰው እናቴ ትዝ አለችኝ። ኬፕታውን ቻካላካ የተባለ ቅመም የበዛበት የአትክልት ወጥ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ በሩዝም በዳቦም ይሄዳል። ጋትስቢ የሚባለው ክንድ የሚያህል ሳንድዊች ግን ለአራት ሰው ነው፤ ብቻችሁን አትዘዙ።

እንጀራ የግድ ለሚል ሰው ኬፕታውን ትሻላለች። ቤልቪል የሚባለው ሰፈር ሐበሻና ሶማሌ የሚነግድበት ነው፤ ከሮንደቦሽ ራቅ ቢልም ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል። ጋቦሮኔ ያለ ደግሞ ጆሃንስበርግ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ለጄፒ የሐበሻ ገበያ ሲል ድንበር የሚሻገር ተማሪ አውቃለሁ። አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጤፍ በብዛት ይዘራል፤ ግን ለከብትና ለፈረስ ድርቆሽ ነው። በእርሻ ዕቃ መሸጫ በር ላይ "ጤፍ" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ እንዳትጮሁ።

ሰው

ጋቦሮኔ ውስጥ ሰላምታ ሳትሰጡ ምንም አትጠይቁም። ሱቅ ገብታችሁ "ዱሜላ ማ" ወይም "ዱሜላ ራ" ሳትሉ ዋጋ ብትጠይቁ ባለሱቋ ቀና ብላ አይታችሁ ዝም ትላለች። ገንዘብ ሲሰጡ ቀኝ እጅ ዘርግቶ በግራው ክንድን መደገፍ አለ፤ ቤታችን የተማርነው ነውና አይከብደንም። ሐበሻ ቶሎ የሚላመድበት ከተማ ነው።

ኬፕታውን ግቢ ውስጥ የውጭ ተማሪ ብዙ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ከግቢ ውጪ ግን "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ስትሉ "ሱቃችሁ የት ነው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። በ2008 እና በ2015 በውጭ ዜጎች ላይ የደረሰው ጥቃት የኛን ሰዎች ሱቆችም አልማረም። ተማሪን በየቀኑ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም፤ ግን ዜና መከታተልና ነገሩ የጋለበት ሰፈር አለመሄድ ያስፈልጋል። ዊንድሆክ ሰዉ ቁጥብ ነው። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ መንገድ ላይ አፍሪካንስና ኦሺዋምቦ ይሰማል፤ ጓደኛ ለማፍራት የስፖርት ወይም የመዘምራን ቡድን ውስጥ መግባት ይረዳል።

ታዲያ የቱን?

የጥናት መስካችሁ ጥሩ ላብራቶሪና ሰፊ የኮርስ ምርጫ የሚፈልግ ከሆነ ኬፕታውን። ተራራውም፣ ባህሩም፣ ድግሱም እዚያ ነው፤ ላየንስ ሄድ የሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት ምንም አያስከፍልም። ግን ከሦስቱ ውድ እሷ ናት፣ ሌሊታችሁንም ትወስዳለች። በቁጠባ የምትሄዱ፣ ወይም ከቤት ወጥታችሁ የማታውቁ ከሆነ ጋቦሮኔን እመርጥላችኋለሁ። ወላጅ ሆኜ ልጄን ብልክ የምልከው እዚያ ነው። ዊንድሆክ ለማን ትሁን? ዝምታ ለሚወድ፣ መንጃ ፈቃድ ላለውና መኪና ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ለሚከራይ፣ በረሃና ዱር እንስሳ ለማየት ለመጣ። መኪና የሌለው ሰው እዚያ ቅዳሜና እሁድ ይረዝምበታል።

ወረቀት

የትምህርት ዘመኑ ይለያያል። ኬፕታውንና ዊንድሆክ የካቲት አካባቢ እና ሐምሌ ላይ ሴሚስተር ይጀምራሉ፤ ጋቦሮኔ ግን ዓመቱን የምትከፍተው ነሐሴ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጡ ልጆቻችን የሚገጥመው የሷ ነው። ገንዘብን በተመለከተ የናሚቢያ ዶላር ከደቡብ አፍሪካው ራንድ ጋር አንድ ለአንድ ነው፤ ራንድ ዊንድሆክ ውስጥ ይሠራል፣ የናሚቢያው ግን ኬፕታውን ውስጥ አይሠራም። ድንበር ከማለፋችሁ በፊት ጨርሱት።

የደቡብ አፍሪካ የተማሪ ቪዛ እዚያው አገር የተመዘገበ የጤና መድን፣ የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል። ቶሎ የሚያልቅ አይምሰላችሁ፤ የተቀባይነት ደብዳቤ በእጃችሁ እንደገባ ጀምሩ። ሲም ካርድ ለማውጣትም ፓስፖርትና የምትኖሩበት አድራሻ ይጠየቃል። ሦስቱም ከተሞች ወባ የለባቸውም፤ ለእረፍት ወደ ኦካቫንጎ ወይም ወደ ሰሜን ናሚቢያ ከሄዳችሁ ግን መድኃኒቱን አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ይያዝ።